ከጎጥ እስከ ጤና ኬላ፦ የገጠር ወረዳን ካርታ እንዴት እንሥራ?

ደሴንና ኮምቦልቻን በካርታ ላይ በማስመሪያ ብትለኩ ርቀታቸው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዛችሁ ስትወርዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ፤ ከፍታውም ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አስፋልት ባለበት፣ መኪና ቀኑን ሙሉ በሚመላለስበት መስመር ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በገደልና በወንዝ መካከል የተቀመጠ ጎጥ ከጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ ማስመሪያ ሊነግረን አይችልም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በወረዳ ጤና፣ ትምህርትና መንገድ ጽሕፈት ቤቶች ለሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የተወለዱበትን ቀበሌ በካርታ ላይ ለማስፈር ለተነሡ ወጣቶች ነው። ምሳሌዎቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ከሚደረስባቸው ወረዳዎች፣ ማለትም ከደሴ ዙሪያ፣ ከቃሉ፣ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬና ከአልብኮ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው። የሚያስፈልገው አንድ ስማርት ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ደብተርና እርሳስ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከሁሉም በላይ ግን ጠንካራ ጫማ ነው።

የጤና ኬላውን ነጥብ ማስቀመጥ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱም የሚጠቅመውም፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተይዛ ከየትኛው ጎጥ ተነሥታ፣ በየትኛው መንገድ፣ ወንዙ በሞላበት ወር ስንት ሰዓት ተጉዛ እንደምትደርስ ማስፈር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተሰደሩት ይህን ለማግኘት ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

ካርታው የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ለጥፉት። «በዚህ ወረዳ በክረምት ከጤና ጣቢያ የሚቆራረጡት ጎጦች የትኞቹ ናቸው?» ወይም «የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት በእግሩ ይሄዳል?» የሚል ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ሳይኖር የተጀመረ ካርታ ሁሉንም ነገር ለመሰብሰብ ይሮጥና በሦስተኛው ቀበሌ ላይ ይደክማል።

2. ያለውን ሰብስቡ

ከወረዳው አስተዳደር የቀበሌዎችንና የጎጦችን ዝርዝር፣ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ የጤና ተቋማትን፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የትምህርት ቤቶችን ዝርዝር ጠይቁ። ሦስቱ ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። አንዱ ቀበሌውን በቁጥር ይጠራል፣ ሌላው በስም፣ ሦስተኛው ከመዋሐዱ በፊት በነበረው ስሙ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ የራሳችሁ መለያ ቁጥር ስጡና ሌሎቹን መጠሪያዎች ሁሉ በአጠገቡ ጻፉ፤ አንዱንም አታጥፉ።

የስም ነገር ከሚመስለው በላይ ጊዜ ይበላል። «ሐይቅ»ን አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ኃ» ይጽፈዋል። ለእኛ ንባቡ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። በሰ እና በሠ፣ በአ እና በዐ፣ በጸ እና በፀ መካከልም እንዲሁ ነው። ከቡድናችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በእርሱ ጽኑ። የተመሳሳይ ስምም ጣጣ አለ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ ሰኞ ገበያ አለ፤ አልብኮ ወረዳም ሰኞ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስለዚህ ማንኛውም ስም ከወረዳውና ከቀበሌው ተነጥሎ ብቻውን አይጻፍ።

የድሮዎቹ ባለ 1:50,000 የወረቀት ካርታዎች በእጃችሁ ከገቡ ትልቅ ሀብት ናቸው። በእነርሱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት 500 ሜትር ማለት ነው፤ ወንዙን፣ ተረተሩንና ዛሬ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያስታውሱትን የቦታ ስም በጥንቃቄ ይዘዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መሠረት) ነው፤ የእጅ ስልካችሁ ደግሞ የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። የሁለቱ ቁጥሮች በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሳይቀየሩ ከተደባለቁ ጤና ኬላው ከወንዙ ማዶ ይወድቃል፤ ካርታውን አምኖ ድልድይ የሚያቅድ ሰውም ይሳሳታል። የካርታውን የግርጌ ጽሑፍ አንብቡ፣ መነሻውን ለዩ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ።

3. ደብዳቤ ያዙ

ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ሳይዝ ስልኩን ወደ ሕንጻ አንሥቶ የሚዞር ሰው በማንም ዓይን እንግዳ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የበለጠ። ደብዳቤውን ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለሥራ አስኪያጁ ከመሄዳችሁ አስቀድማችሁ አድርሱ። የጸጥታ ካምፖችንና የጥበቃ ቦታዎችን አትመዝግቡ፣ ፎቶም አታንሡ። የግለሰቦችን ቤት በስማቸው አታስፍሩ፤ ለጥያቄያችሁ የሚያስፈልገው ጎጡ ነው።

4. ከመውጣታችሁ በፊት ምስሉን አንብቡ

ኦፕንስትሪትማፕ ማንኛውም ሰው ሊያርመው የሚችል ነጻ የዓለም ካርታ ነው። በማረሚያ ገጹ ላይ ያለውን የሳተላይት ምስል ከፍታችሁ ወረዳችሁን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ከሌሎች የንግድ ካርታዎች ግን ስምም ሆነ መስመር አትቅዱ፤ ፈቃድ የለንም።

ምስል ማንበብ በልምድ የሚመጣ ሙያ ነው። ሁለት ሦስት ረጃጅም የቆርቆሮ ጣሪያዎች አንድ ባዶ ሜዳ ከበው ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት ነው። በጥቅጥቅ ዛፍ መካከል ያለ ክብ ወይም ባለ ስምንት ማዕዘን ጣሪያ ቤተ ክርስቲያን ነው። መስጊዱን ደግሞ የሚናራው ቀጭን ጥላ ያጋልጠዋል። የጤና ኬላ ግን አንድ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ስለሆነ ከመጋዘን ወይም ከገበሬ ማሠልጠኛ አይለይም፤ በምስል ብቻ አትፍረዱ። በጠዋት ፀሐይ የተነሣ ምስል ላይ የገደሉ ጥላ ጎጡን ሊሸፍነው እንደሚችልም አስቡ። የጠረጠራችሁትን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ያዙና ምስሉን በኤ3 ወረቀት አትማችሁ ወደ መስክ ውሰዱት።

5. ቅጹን አዘጋጁ

ኮቦቱልቦክስ በሚባለው ነጻ መሣሪያ የመጠይቅ ቅጽ ሠርታችሁ በስልክ ላይ መጫን ትችላላችሁ፤ ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ስትመለሱ ይላካል። ቅጹ አጭር ይሁን። የሚከተሉት ግን መቅረት የለባቸውም።

ጤና፦ በአማርኛችን ሁሉንም «ክሊኒክ» ማለት አደገኛ ነው። ክሊኒክ ሲባል ሰው በአብዛኛው የሚረዳው የግሉን ነው። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና የግል ክሊኒክ በየራሳቸው ይመዝገቡ። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች እንዲኖሩት ታስቧል፤ ጤና ኬላው ከ3,000 እስከ 5,000፣ በገጠር ያለ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ «ተጠሪነቱ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም «ሰው በተግባር የሚሄደው ወዴት ነው?» በሉ። ሁለቱ መልሶች ሲለያዩ ካርታው መናገር ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ የሚሄደው መንገዱ ወደሚወስደው ነው።

ትምህርት ቤት፦ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ብላችሁ በሚያስተምረው ክፍል ለዩት። ርእሰ መምህሩን ስለ ውኃና መጸዳጃ ቤት ጠይቁ።

የአገልግሎት ሁኔታ፦ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ በአካባቢው ሲያልፍ ብዙ ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ሕንጻው ቆሞ አገልግሎት የሌለበት ቦታ ሊኖር ይችላል። «ሕንጻው አለ»፣ «ባለሙያ አለ»፣ «መድኃኒት አለ»፣ «በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል» የሚሉት ለየብቻ ይሞሉ። ዝግ ጤና ኬላን እንደ ክፍት የሚያሳይ ካርታ በሽተኛን በከንቱ ያደክማል።

መንገድ፦ አራት ዓይነት ይበቃል፦ አስፋልት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ጠጠር፣ በበጋ ብቻ መኪና የሚያስገባ፣ የእግርና የጋማ ከብት መንገድ። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተከፈቱ ብዙ መንገዶች አሉ፤ በወረቀት ላይ ሁሉም የክረምት ከበጋ ናቸው፤ በመሬት ላይ ግን ጎርፍ የቆረጣቸውን መለየት የእናንተ ሥራ ነው። የወንዝ መሻገሪያ ሁሉ የራሱ ነጥብ ይኑረው፦ ድልድይ ነው? መልካ ነው? ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ይዘጋል? በወሎ የበልግ ዝናብም ስላለ ስለ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ጠይቃችሁ አትለፉ።

6. መስክ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለመስክ ሥራ ይመቻል። ቀበሌ ስትደርሱ ግን ወዲያው ስልክ አውጥታችሁ አትሩጡ። መጀመሪያ ከሰዎች ጋር ተቀመጡ። የገበያ ቀን ብትመርጡ ደግሞ በአንድ ሜዳ ላይ የሁሉንም ጎጥ ሰው ታገኛላችሁ።

ከደሴ ዙሪያ የደጋ ቀበሌዎች በአንዱ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ አዛውንት ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። የጎጦቻቸውን አቀማመጥ እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው በትራቸው አፈሩን ጠራርገው ወንዙን አሰመሩ፤ ጠጠር ለጎጥ፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን፣ የተሰበረ የጀበና ጡት ለጤና ጣቢያው አደረጉ። እኔም በቅጼ መሠረት «አባባ፣ ከእርስዎ ጎጥ እስከ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝና «ለማን ልጄ? ላንተ ነው ወይስ ለታመመ ሰው?» አሉኝ።

ለሁለቱም እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። «ላንተ ሁለት ሰዓት። ለታመመ ሰው በቃሬዛ ግማሽ ቀን፤ እየተቀባበሉ ነው የሚሸከሙት። ሐምሌ ከሆነ ደግሞ ይቺ ወንዝ እስክትጎድል ተቀምጦ መጠበቅ ነው» ብለው በትሩን ባሰመሩት መስመር ላይ ጫኑት።

በዚያ ቀን ቅጼ ላይ አንድ የነበረው የሰዓት ዓምድ ሦስት ሆነ፦ ለጤነኛ ሰው፣ ለበሽተኛ ተሸካሚ፣ በወንዝ ሙላት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓትም ለዩ፤ ከቦርከና ሸለቆ ወደ ደጋው መውጣትና ከደጋው መውረድ አንድ አይደለም።

ሴቶችን ለብቻ ጠይቁ። በዚያው ቀበሌ አዛውንቱ ያሰመሩትን ያዩ አንዲት እናት «ይሄ የበቅሎው መንገድ ነው፤ እኛ እህል ተሸክመን በዚህ አንወርድም» ብለው በጣታቸው ሌላ መስመር ጨመሩ። ከገደሉ ዞር ብሎ የሚሄድ፣ ረዘም ያለ መንገድ ነበር። ወፍጮ ቤት፣ ምንጭና ገበያ የሚያገናኘው ያ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮችም የሚሄዱት በእርሱ ነው። በሳተላይት ምስሉ ላይ አይታይም ነበር።

የመሬት ላይ ካርታውን ከላይ ፎቶ አንሡትና በደብተር ገልብጡት። ከዚያ ቦታውን ከሚያውቅ የመንደሩ ሰው ጋር በእግር ሂዱ። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ገላጣ ሰማይ ነው። ከሕንጻው በር ፊት፣ ከዛፍና ከቆርቆሮ ክዳን ወጣ ብላችሁ ቁሙ፤ ስልኩ የሚያሳየው የስህተት መጠን ከ5 ሜትር በታች እስኪሆን ጠብቁ። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ 10 ሜትር ካገኛችሁ ይበቃል፣ ግን መዝግቡት። በችኮላ የተወሰደ የመጀመሪያ ንባብ በመቶዎች ሜትር ሊስት ይችላል። መንገዱን በስልኩ የጉዞ መቅጃ እያስመዘገባችሁ ተጓዙ፤ ዕረፍት ስታደርጉ መቅጃውን አቁሙት፣ አለበለዚያ የሰዓት ስሌቱ ይበላሻል።

ስልኩ የሚሰጠውን ቁጥር ሁልጊዜ በደብተርም በእርሳስ ጻፉ። ስልክ ይሰበራል፣ ባትሪ ያልቃል፤ እርሳስ ዝናብ አይፈራም። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስትጽፉ «ዓ.ም.» ብላችሁ ግለጹ፤ ስልኩ በራሱ የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ነውና፣ ሰዓቱም የስድስት ሰዓት ልዩነት ስላለው የጠዋት ሁለት ሰዓት ጉዞ ከሌሊቱ ጋር ተምታቶ እንዳይገኝ።

7. ከኮምፒውተሩ ፊት

ኪውጂአይኤስ የተባለው ነጻ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ሠንጠረዡን ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ይሁን፤ ካልሆነ ፊደላችን ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክትና ሳጥን ይለወጣል። ነጥቦቹን ስትጭኑ የመለኪያ ሥርዓቱን 4326 ብላችሁ ምረጡ፤ ይህ በዲግሪ የሚሠራው የደብሊውጂኤስ 84 መለያ ቁጥር ነው። ርቀት ስትለኩ ግን ወደ 32637 ቀይሩት፤ እርሱ በሜትር የሚሠራው፣ ወሎ የምትገኝበት 37ኛው ቀጠና ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ኬክሮስንና ኬንትሮስን ማቀያየር ነው። ደሴ በኬክሮስ 11.13፣ በኬንትሮስ 39.63 ገደማ ላይ ናት። ሁለቱን ብትለዋውጡ ትምህርት ቤታችሁ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ምሥራቅ ባሕር ውስጥ ይገባል። ይህን ዓይነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። የማይታየው ግን የአንድ አኃዝ ስህተት ነው፦ ከነጥብ በኋላ በሁለተኛው ቦታ ያለ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ቦታው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸሻል፤ በእኛ መልክዓ ምድር ያ ማለት ሌላ ተራራ ነው። አምስት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ጻፉ፤ አምስተኛው አንድ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከዚያም እያንዳንዱን ነጥብ ከሳተላይት ምስሉ ጋር አስተያዩ፦ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ አርፏል? ካላረፈ ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

መንገዶቹን በዓይነታቸው በተለያየ መስመር ሳሉ። በክረምት የሚዘጋውን መሻገሪያ በቀይ ጎላ አድርጉት። በእያንዳንዱ ጎጥ አጠገብ ሦስቱን ሰዓቶች ጻፉ። በክረምት ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስዱትን ጎጦች በአንድ ቀለም ብትቀቡ፣ ወረዳው የትኛው መሻገሪያ ድልድይ እንደሚያስፈልገው ወይም ነፍሰ ጡሮች ከየት ቀድመው ወደ እናቶች ማቆያ መምጣት እንዳለባቸው በአንድ እይታ ይለያል። የካርታው መስፈርት (ስኬል)፣ የሰሜን አቅጣጫ፣ የምልክቶች መፍቻና መረጃው የተሰበሰበበት ወርና ዓመት አይቅሩ።

8. ካርታውን ወደ ባለቤቶቹ መልሱ

የመጀመሪያው እትም ረቂቅ ነው። በኤ1 ወይም በተገኘው ትልቅ ወረቀት አሳትሙና ወደየቀበሌው ውሰዱት። መሬት ላይ ዘርግታችሁ አዛውንቶቹን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን፣ መምህራኑንና የግብርና ባለሙያውን ጥሩ። ማንበብ የማይችል ሰው ቢኖር ከወንዙና ከገበያው ጀምራችሁ በጣት አሳዩት፤ ሁለት ምልክት ካወቀ ቀሪውን ራሱ ያገኘዋል። ስም የተሳሳተ እንደሆነ በዚያው ያርማሉ። ሁለት ጎጦች ስለ አንድ ምንጭ ወይም ስለ ወሰን ከተከራከሩ ፈራጅ አትሁኑ፤ ሁለቱንም መዝግባችሁ ወሰኑን በነጠብጣብ መስመር ተዉት።

የተስማሙበትን ስምና መንገድ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጫኑት፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም አሽከርካሪ ወይም የክትባት ቡድን ካርታውን በስልኩ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ሊጠቀምበት ይችላል። አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ለጤና ጣቢያው፣ አንድ ለትምህርት ቤቱ፣ አንድ ለቀበሌው ስጡ። የቀበሌውን ሰው በሚበዛበት ግድግዳ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በማይደርስበት ስቀሉት፤ ቀይ እርሳስ በክር አስራችሁ ከጎኑ አንጠልጥሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ የቆረጠውን ሰው ገና ሳይረሳ፣ አንድ ሰው ሄዶ በቀይ የተጻፈውን ፎቶ እንዲያነሣ በስም መድቡ።